ለእምቢታ የቀረበ ዋጋ

ፀጉር አስተካካዩ አባቱ በተቀበሩ ሰሞን፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት አንድ ቃል አምልጦት ነበር። «የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁ ዕለት ከሁሉ በፊት የሚዘጋጀው የእማዬ ክፍል ነው» አለ። ሰዉ መረቀው፤ እናቱ አለቀሰች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የስንቱን ራስ ሲመለጥ ከላይ ሆኖ ያየ ሰው፣ የራሱ አፍ ማምለጡን ያወቀው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

እናቱን የሚጠላ ሰው አልነበረም። የቸገረው ወሬዋ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሠራችው ስልክ ማዞሪያ ቤት ነበር። ዕድሜዋን በተበላሸ መስመር ሰው ከሰው ስታገናኝ ስለኖረች፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው እንኳ ባሕር ማዶ ያለ ይመስል ጮኻ ነው የምታወራው። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሥራ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ስለ አለቃው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ኩላሊቱ ይነግረዋል። ቶንዶሱን አጥፍቶ ሱቁን ሲዘጋ የሚያምረው ዝምታ ብቻ ነው። ሚስቱም ፋርማሲ ውስጥ ስታወራ ስለምትውል፣ ማታ ሲገናኙ ትንሽ ሳይነጋገሩ መቀመጥ የሁለቱም ልማድ ነበር።

አንድ ጊዜ እናቱ እነሱ ዘንድ ሁለት ወር ተቀምጣ ነበር። ያኔ ቤቱ መግባት አስጠልቶት፣ የተሳለውን መቀስ እንደገና ይስል፣ የተጠረገውን ወለል እንደገና ይጠርግ ነበር። የአራተኛ ፎቅ ኪራይ ቤታቸው ደረጃ ለጉልበቷ አልሆን ብሎ ወደ ታላቅ እህቱ ቤት ስትመለስ ሻንጣዋን ተሸክሞ አወረደላት። መኪናዋ ስትሄድ ደረቱ ቅልል አለው። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

ቤት ፍለጋውን አጥብቃ የያዘችው ሚስቱ ነበረች። ክፍሉንም አልረሳችም። ደላላው አዲስ ቤት ባመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምድር ቤት ላይ መኝታ አለው?» ነው። እሱ «ይኼ ጠባብ ነው»፣ «ያኛው ጣሪያው ያፈሳል» እያለ ብዙ ቤት አሳለፈ። በመጨረሻ ግን እንከን የማይወጣለት ቤት መጣ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ምድር ቤት ያለችው ክፍል በሯ ሰፊ፣ ደፏ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳዋን ይዞ የሚዞር የእንጨት መደገፊያ ያላት ነበረች። መደገፊያው እጅ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ አንድ ስንጣሪ የለውም። መታጠቢያው እዚያው ነው። ሚስቱ ክፍሏን ዞራ አይታ የባሏን እጅ ጨበጥ አደረገች።

በሁለተኛው ጉብኝት እናቱን አመጣቻት። እናቱም መደገፊያውን ይዛ ክፍሏን ዳር እስከ ዳር ሄደችና መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ማሙሽ!» አለች፤ ሽበት የጀመረውን ልጇን ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ነው። «ማሙሽ፣ እዚህ ሆኜ እኮ ከሥራ ስትመጣ አይሃለሁ! ገና ከመንገዱ እጠራሃለሁ!»

አናጺው ሳቁ። ሚስቱም ሳቀች። እሱም ሳቅ ለመምሰል ጥርሱን አሳየ።

ማታ ባልና ሚስት ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የተጠየቀው አራት ሚሊዮን ነው። ባንኩ የሚያበድራቸው ካጠራቀሙት ጋር ተደምሮ ሦስት ተኩል ይደርሳል።

«በሦስት እንጀምር» አለች ሚስቱ። «ከዚያ እየጨመርን ሦስት ተኩል ድረስ እንሄዳለን። ሰውየው ደግ ናቸው፤ አናስቀይማቸው።»

«ድርድሩን ለእኔ ተይው» አላት። «ስንቱን ሰው ሳሳምን ነው የምውለው።»

አመነችው። እሱ ግን በልቡ ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። አልፈልግም ቢል ቃሉን መብላት ይሆንበታል። ዋጋ ቢያወርድስ? ሻጩ ተቆጥተው እምቢ ይላሉ፤ ቤቱ ያመልጣል፤ እሱም «ምን ላድርግ፣ ሞክሬ ነበር» ብሎ ያዝናል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ለማለት ወሰነ።

በማግሥቱ ታላቅ እህቱ ደወለች። «እማዬ ከትናንት ጀምሮ ልብሷን እያጣጠፈች ነው» አለችው። «በእውነት ይሳካል? ወይስ ሚስትህ ቅር ብሏታል? ድምፅህ ልክ አይደለም።»

አይደለም ማለት ይችል ነበር። አንድ ቃል ነው። «ታውቂ የለ፣ የሚስት ነገር» አላት። እህቱ «ገባኝ» አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያቺ «ገባኝ» ጆሮው ውስጥ ቆየች።

ደላላው ዋጋውን ሲሰማ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። «አንተ ሰው፣ ጤና ነህ? አንድ ነጋዴ ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ሰጥቷል። ይኼን በእኔ አፍ አታስብለኝም። ራስህ ንገራቸው።»

ስለዚህ ደላላውን አስከትሎ ራሱ ሊናገር ሄደ። አናጺው ግቢው ውስጥ የወንበር እግር እያለሰለሱ ነበር። ቁጭ አስባሉት። «እህ፣ ምን አሰባችሁ?»

«ጋሼ…» አለ፤ ዓይኑን መሬት ላይ በወደቀው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ አድርጎ። «አቅማችን ሁለት ሚሊዮን ተኩል ነው።»

ደላላው ራሱን ያዘ። አናጺው መላጊያቸውን አስቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ስድቡን እየጠበቀ ነበር፤ እንዲያውም እንዲመጣ እየተመኘ።

«ያቺን ክፍል ለማን እንደሠራኋት ታውቃለህ?» አሉ። «ለባለቤቴ ነው። መጨረሻ ላይ ፎቅ ወጥታ መውረድ አቃታት። ‹ቶሎ ጨርስልኝና ልውረድ› ትለኝ ነበር። እኔ እንጨቱ ይድረቅ፣ ቀለሙ ይድረቅ እያልኩ ሳለሁ፣ እዚያው ፎቅ ላይ እንዳለች ሞተች። ማንም አልተኛባትም።» እጃቸውን ጠረጉ። «ነጋዴው ዕቃ ሊያከማችባት ነው። ልጅ የለኝ፣ እህቴ ዘንድ ነው የምሄደው፤ ገንዘቡን ምን ላደርገው? እናትህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አይቻታለሁ። እናቱን አጠገቡ ሊያኖር የሚደክም ልጅ በዚህ ዘመን አይገኝም። እሺ፣ ይሁንልህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምን ብሎ እንደተሰናበተ አያስታውስም። ደላላው መንገድ ላይ እየዘለለ ያቅፈው ነበር።

ወሬው ከእሱ በፊት ቤት ደረሰ። ሚስቱ ደጅ ጠብቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እናቱ በስልክ እያለቀሰች መረቀችው፤ ከዚያ የምታውቀውን ሰው ሁሉ እየደወለች «ልጄ ባንድ ሚሊዮን ተኩል አወረዳቸው! ምላሱ ወርቅ ነው!» ስትል ዋለች። ሱቅ የሚመጣው ደንበኛም «እስቲ አስተምረን» ይለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ሰው ባመሰገነው ቁጥር አናጺው እጃቸውን ሲጠርጉ ይታየዋል። በሦስተኛው ቀን የአንድ አዛውንት ጆሮ ጫፍ በምላጭ ጫር አደረገ። አዛውንቱ «ምንም አይደል ልጄ፣ ደስታ ነው» አሉት። ደሙን በጥጥ ጠርጎ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሁሉንም፤ ዋጋውን ያወረደው እምቢ እንዲሉት ብሎ እንደነበርም፣ ለእህቱ የመለሰውንም።

ሚስቱ ስለ ዋጋው ብዙ አልተናገረችም። «እህትህ እኔ ነኝ ያልፈለግሁት ብላ ነው የምታስበው?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ መጋረጃውን መርጫለሁ እኮ። ለእማዬ። ፋርማሲ ቁጭ ብዬ የጉልበቷን ቅባት ስይዝላት…» ፊቷን አዞረችበት። «ከብዶኛል ብትለኝ ምን ነበረበት? አብረን እንነግራት ነበር። በእኔ አሳበብክ።»

እሷ ፊቷን ታጥባ ተመልሳ መጣች። «መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂድ» አለችው። «ከዚያ እህትህ ጋ።»

ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ብቻውን ሄደ። አናጺው ዕቃቸውን በካርቶን እያሰሩ ነበር። ቆሞ ነው የነገራቸው። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያለው እንዲቆጡ ብሎ መሆኑን፣ እናቱ አብራው መኖሯን ፈርቶ እንደነበር፣ አሁን ሦስት ተኩሉን እንደሚከፍል ተናገረ።

አናጺው ገመዱን አልለቀቁም። «ስለዚህ ያን ሁሉ የነገርኩህ፣ አንተ እምቢ እስክልህ እየጠበቅህ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስለ ባለቤቴ ስነግርህ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው። ፊታቸው ቀላ። «ነጋዴውን በአንተ ቃል መልሼዋለሁ። አሁን ብጠራው ይመጣል።» ካርቶኑን አሰሩ፤ ገመዱን በጥርሳቸው በጠሱ። «እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንዳትነግራት። ያቀለልከው ለራስህ ነው፤ እሷ ላይ አትጫነው። ሦስት ተኩል አምጣ። ቤቱን የምሸጠው ግን ለእሷ ነው፤ ለአንተ አይደለም።» እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልጨበጡትም። በውሉ ቀንም ፈርመው ሚስቱን ብቻ ተሰናብተው ሄዱ።

እህቱ ቤት የሄደው ሰኞ ነው። እናታቸው ጎረቤት ሄዳ ነበር። ገና «ያልፈለገችው ሚስቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ሲላት እህቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አጣጥፋ ጨረሰችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ትሰድበኛለች ብሎ ቆሞ ነበር።

«እኔ ደግሞ ቤቱ ተገኘ ስትሉኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ» አለች። «በደስታ። ከእኔ ልትሄድ ነው ብዬ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሚስትህን ስረግማት ከረምኩ፤ እማዬን እንዳታስቀርብኝ ብዬ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሁለታችንም አንድ ነን፤ እግዜር ይርዳን እንጂ። ሚስትህን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ጠየቀችም። ሚስቱ ለእህቱ ቶሎ ይቅር አለች፤ ለእሱ ግን ጊዜ ወሰደባት።

እናቱ አዲሱ ቤት ገባች። ዋጋው ለምን እንደጨመረ ስትጠይቅ «ሰውየው አሳዘኑኝ» አላት፤ ውሸትም እውነትም ነበር። እሷም ወርቁን ምላስ ትታ ስለ ልጇ ቸርነት ትደውል ጀመር። ይኼኛው ከበፊቱ ይበልጥ አቃጠለው።

እንደፈራውም ሆነ። ገና ከመንገዱ በመስኮት ትጠራዋለች፤ እራት ላይ ስልክ ማዞሪያ ቤት ስለነበረችው አለቃዋ አሥር ጊዜ የሰማውን ትነግረዋለች። አንዳንድ ቀን ዛሬም ሱቁን ከዘጋ በኋላ ወንበሩ ላይ ለብቻው ትንሽ ይቀመጣል። ከዚያ መደገፊያው ትዝ ይለውና ይነሣል። ሚስቱ ስትዘገይ የእናቱን ክፍል የሚጠርገው፣ ጉልበቷን የሚያሻት እሱ ነው። ፍቅር ይሁን ዕዳ፣ እጁ ላይ ለይቶ አያውቀውም።

አንድ እሑድ ፀጉሯን ሊያስተካክላት መስኮቱ ሥር አስቀመጣት። አንገቷ ላይ ፎጣ አሰረላት። መቀሱ ሲጀምር እንደ ሌላው ደንበኛ ሁሉ አፏ ተፈታ፤ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አለቃዋ አወራች። ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እንዲህ ዝቅ ሲል ሰምቶት አያውቅም ነበር።

«ልጄ» አለች። «ሰው ላይ ከብጄ መኖር አልወድም። ከከበድኩህ ንገረኝ።»

መቀሱ ቆመ። ወዲያው «እንዴት ትከብጂኛለሽ!» ማለት ነበረበት፤ ሌላ ሰው ይል ነበር። እሱ ግን ነጩን ፀጉሯን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«አንዳንዴ ወሬው ይበዛብኛል፣ እማዬ» አላት። «አንቺን ግን ሂጂ አልልሽም።»

ራሷን አላዞረችም። ትከሻዋ ፎጣው ሥር ጥቂት ወረደ። «አባትህም እንዲህ ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ወደ መንገዱ እያየች ተቀመጠች፤ እሱም ቀስ ብሎ ከኋላዋ ቆረጠ።