እማዬ «አንሺኝ» ያለች ጠዋት

እናታችን ካሜራ ስታይ የማትወደው ዘመድ የመጣባት ይመስል ፊቷን ታዞራለች። ሰርግ ላይ ከሰው ጀርባ ትሸሸጋለች፤ ድንገት ፍላሽ ከበራባት ደግሞ ዓይኗ ተጨፍኖ ይወጣል። እህቴ ሙያዋ ፎቶ ማንሳት ነው። የሰውን ሁሉ እናት ስታነሳ ኖራ የራሷ እናት አንድ ደህና ፎቶ የላትም። ይሄ ነገር ያንገበግባታል፤ በተለይ ሐኪሙ የእማዬ ልብ መድከሙን ከነገረን ወዲህ።

«ጫካ ሄደን ድንኳን ተክለን እንደር» አለቻት አንድ ቀን። «ጠዋት፣ ፍላሽ የለ፣ ሰው የለ፣ በፀሐይዋ ብቻ አንዴ አነሳሻለሁ።»

«ለዚህ ፊት ጫካ ድረስ?» ብላ ሳቀች እማዬ። ግን ዛፍ ትወዳለችና እሺ አለች። እኔ ሹፌርም ተሸካሚም ሆኜ ተከተልኩ፤ ቤት እያለው መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ጤነኛ አይደለም እያልኩ መነጫነጬ አልቀረም። ማታ እሳት ዳር እህቴ፣ «ጠዋት ላንሳሽ፣ አይደል?» እያለች ስትጨቀጭቃት እማዬ፣ «ይንጋና እናያለን» ከማለት በቀር ቃል አልሰጠቻትም።

ሲነጋ ጭጋጉ ሳሳ፤ ብርሃኑ በዛፎቹ መሃል ሾልኮ ገባ። እውነት ለመናገር እኔው ነጭናጫው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እማዬ ብርድ ልብሷን ደርባ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። እህቴ ራቅ ብላ፣ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ፀሐይዋ እማዬ ፊት ላይ እስክትደርስ ትጠብቃለች። እኔ ድንኳኑን እጠቀልላለሁ።

ያኔ እማዬ እጇን ወደ እህቴ ዘርግታ በቀስታ፣ «አንሺኝ» አለች።

እህቴ በደስታ ልታብድ ደረሰች። እኔም ከወዲያ፣ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር!» ብዬ ሳቅሁ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ።

«አንሺኝ፣ ልጄ።»

«እያነሳሁሽ ነው፣ እማዬ! እንደሱ ሁኚልኝ፣ እጅሽን እንዳታወርጂው!»

እጇ ወረደ። ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለች። ካሜራው ሳሩ ላይ ወደቀ፣ ሁለታችንም ሮጥን። «ፎቶ» የሚል ቃል ከአፏ እንዳልወጣ የገባን ያኔ ነው። ከተቀመጠችበት መነሳት አቅቷት ኖሯል። እህቴ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት፤ መኪናው ጋ ስንደርስ ትንፋሽ አልነበራትም።

ሐኪሙ፣ ቀድማችሁ ብትደርሱላትም አትተርፍም ነበር አለን። እኔ አመንኩት፤ ማመን ስለፈለግሁም ይሆናል። እህቴ ግን፣ «ቢያንስ እጇን ይዤ ትሞት ነበር» አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

ለቀብሩ ፎቶ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ሌላ የለንም። አስፋፍተን ለማሳተም ፎቶ ቤት ወሰድነው። ምን ዋጋ አለው እንጂ ፎቶው ያምራል፤ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ሞቆ፣ ዓይኗ ተገልጦ ቀጥታ ልጇን ታያለች። አታሚው በስክሪኑ እያሳየን፣ «ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለ። «እጃቸው ግን ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል። ልቁረጠው?»

እህቴ ጣቷን በደበዘዘው እጅ ላይ አሳረፈች።

«ተወው» አለች። «ያልያዝኩት እሱን ነው።»