የሞርሲቶዋ ትርፊት

በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ የመንፈሳዊ መጽሐፍ ያለህ ለሚል ሰው መድረሻው አንድ ነበር፤ ከከተማዋ ዳር፣ ከአንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለችው ክፍል። ክፍል ማለት እንኳ ማሞካሸት ነው። ጣሪያዋ ያፈስ ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠባቂው ጋሽ ዳኘ መጽሐፍ ቅዱሶቹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያሸሸ ያድናቸው ነበር። የመዝሙር መጻሕፍቱን ግን አያሸሻቸውም፤ መዝሙሩን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል ይላል። ዛሬ ያ ግቢ ሌላ ሆኗል። ያኔ የነበረ ሰው ግን የእርጥብ ወረቀትና የላምባ ሽታ በሸተተው ቁጥር እዚያች ክፍል ደርሶ ይመለሳል።

እልፍነሽ ላምቤቦ እዚያች ክፍል ውስጥ ያደገች ብትባል ማጋነን አይሆንም። በጸሎት ቤቱ ትምህርት ቤት ፊደል ታስቆጥራለች፤ ልጆቹን ከሸኘች በኋላ ደግሞ ጋሽ ዳኘ አጠገብ ተቀምጣ ታነባለች። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙትን መንፈሳዊ ታሪኮች አንድ ሳታስቀር ጨርሳቸዋለች። ታሪኮቹ መልካም ነበሩ፤ ችግራቸው በረዶ መብዛቱ ነው። ሰዎቹ በረዶ ላይ ይሄዳሉ፣ በረዶ ላይ ይጠፋሉ፣ ከዚያ እሳት ዳር ተቀምጠው ንስሐ ይገባሉ። እንሰት የሚፍቅ ሰው በመካከላቸው የለም። ቅዳሜ ገበያ በቅቤ ዋጋ ተጣልቶ እሁድ ጠዋት ከተጣላው ሰው ጎን ቆሞ አሜን የሚልም የለም። እልፍነሽ ይህንን ሰው ልትጽፈው ፈለገች። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ እስክትል ድረስ ፈለገች።

በመጀመሪያ ምክር የጠየቀችው ጋሽ ዳኘን ነው። እሱም ከመጻፏ በፊት እንድትጸልይ፣ ከጻፈች በኋላም እንድትጸልይ፣ በመካከሉ ደግሞ እጇን እንድትታጠብ መከራት፤ መጽሐፍ በቅባት እጅ ሲነካ ስለማይወድ ነው። ለመልካም ጅምር ብሎም የቆየ መዝገበ ቃላት አዋሳት። ከ«ሀ» እስከ «ለ» ያለውን ምስጥ በልቶት ነበር።

ሁለተኛው መካሪዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪው መምህር ተክለጊዮርጊስ ናቸው። የሸዋ ሰው፣ ጾም የማያፈርሱ ኦርቶዶክስ፣ ከጉራጌው ነጋዴ ከአቶ ሳህሉ ሱቅ ጀርባ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ። ለወንጌል አማኞች ልጅ ምክር መስጠታቸው ከሁለቱም ወገን አሳምቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ጥሩ አማርኛ ያየ ዓይናቸው ሃይማኖት አይለይም ነበር። እልፍነሽ ከአቶ ሳህሉ ሱቅ በገዛችው ሉክ ወረቀት ላይ የጻፈችውን የመጀመሪያ ታሪክ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡት። አንድ ሰካራም በመጀመሪያው ገጽ ይጠጣል፣ በሁለተኛው ስብከት ይሰማል፣ በሦስተኛው ዘማሪ ይሆናል።

«እልፌ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ጠጣና ነው የሚድነው?» አሏት። «ስካሩ እንኳ አልወጣለትም እኮ።»

ያን ቀን መምህሩ ብዙ ነገሯት። ስብከቱን ለሰባኪው እንድትተውለት፤ የምትጽፈው ሰው ሲበድል የእውነት እንዲበድል፣ ከእግዜር ጋር ሲጣላም የእውነት እንዲጣላ፤ የጻፈችውን ጮክ ብላ እንድታነበው፣ ምላሷ የተደናቀፈበትን እንድትሰርዝ። በሀድይኛ ለሚያስብ ሰው የአዲስ አበባ አነጋገር እንዳታውሰው። ከሁሉም አጥብቀው የነገሯት ግን ይህንን ነበር፦

«ስም ስጪው፤ አገርም ስጪው። አንዲት ሴት ካልሽ ማንም አያምንሽም። የሞርሲቶዋ እከሊት ካልሽ ግን ጎረቤቷን ነው የሚያስታውሰው።»

እልፍነሽ ምክሩን እንዳለ ዋጠችው። ክረምቱን ሙሉ ስትጽፍ ከረመች። የሞርሲቶ ሴት ወጣች፤ ስሟ ትርፊት፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ከእናቱ ተኳርፎ ወደ አዋሽ ሸንኮራ እርሻ የሄደባት። ወሬው ጠፋ። ትርፊት በየምሽቱ ከምትበላው ቆጮ የልጇን ድርሻ ቆርሳ በጣባ ታስቀምጣለች፣ ኮባ ትከድንበታለች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። ብላ ብላ ሲሰለቻት ከእግዜር ተኳረፈች፤ ጸሎት ቤት መሄድ ተወች። እዚህ ላይ ሲደርስ የእልፍነሽ ብዕር ቆመ። ልጁን በገና ዋዜማ ልታመጣው አስባ ነበር፤ ሆኖም መምህሩ ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ መቼ ጠፋና ነው የሚመለሰው።

በዚያች ጸሎት ቤት ሴቶቹ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ይሰበሰባሉ። የቆየ ሥርዓት አላቸው፦ የአንድ ሰው ችግር በጉባኤው ፊት ከተነገረ፣ ያ ችግር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሁሉም ነው። ይጸለይለታል፤ በቀጣዩ ረቡዕ ደግሞ እያንዳንዷ አቅሟ የፈቀደውን ይዛ ትመጣለች። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚነገረው ሁሉ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ እውነት ነው።

አንድ ረቡዕ የምታስተምረው እህት ታመመችና እልፍነሽ አንድ ነገር እንድታነብላቸው ለመኗት። እሷም ሰው ሲሰማው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጓግታ ነበርና የትርፊትን ታሪክ አወጣች። አማርኛውን እያየች በሀድይኛ አወረደችላቸው። ከራሷ አፍ የሚወጣው ሀድይኛ ከጻፈችው አማርኛ እንደሚበልጥ ያን ቀን ገባት። ትርፊት ጣባዋን ከድና በሩ ሥር ስትቀመጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እልፍነሽ ሉኩን አጠፈች፤ ቀሪው አልተጻፈም። ወዲያው አንዷ ተነሥታ ስለ ትርፊት ጸሎት ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ጸሎቱ እስከ ምሽት ዘለቀ።

ያኔ መናገር ነበረባት። ደስታ ግን አፍ ይይዛል። የጻፈችው ነገር ሰው ሲያስለቅስ ያየች ጸሐፊ በዚያች ሰዓት የምትናገረው ቁም ነገር የላትም።

በቀጣዩ ረቡዕ ቅቤው መጣ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ ቆጮ፣ ማር በቅል፣ አንድ ሙሉ ቡሉኮ። የጋሽ ዳኘ ክፍል መጽሐፍ ቤትነቷ ቀርቶ የሠርግ ጓዳ መሰለች። ጋሽ ዳኘ ቅቤው መጽሐፍ ቅዱሶቹን እንዳይነካ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። የአንደኛዋ ባል አዲሎ ወርዶ እዚያ የሚቆሙትን የጭነት መኪና ሾፌሮች ስለ ትርፊት ልጅ ጠያይቆ ተመልሷል። ሁለት ሴቶች ደግሞ ነገ በማለዳ ሞርሲቶ ለመሄድ ተስማምተው የትርፊት ቤት በየት በኩል እንደሆነ እልፍነሽን ጠየቋት።

እልፍነሽ ተነሥታ ወጣች። በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወደ አቶ ኤርጊቾ ሄደች፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእሷ ቢሰሙ ይሻላል ብላ። አቶ ኤርጊቾ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ባለቤታቸው ለዚያች ሴት ስትጾም መዋሏን ነገሯት። የሌለን ሰው በጌታ ፊት ማቆም በእሳቸው ዕድሜ ሰምተውት እንደማያውቁም ጨመሩ። ለሴቶቹ ራሷ እንድትነግራቸው፣ ሴቶቹ ተታለልን ካሉ ደግሞ ሉኩን እንድታቃጥልና ዳግመኛ እንዳትጽፍ ወሰኑ። ሞርሲቶ ሊሄዱ የነበሩትን ሴቶች እሳቸው ራሳቸው እስከ ረቡዕ አስቆሟቸው።

መምህር ተክለጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ፊቷን አዩና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ስምና አገር ስጪ ያሉት እሳቸው ናቸው። ክርስቶስም የጠፋውን ልጅ ታሪክ በምሳሌ እንደተናገረ ለሴቶቹ ልትነግራቸው ትችላለች አሏት። እልፍነሽ ይህን አስባበታለች፤ ግን ጌታችን ተናግሮ ሲጨርስ ቅቤ ያመጣለት ሰው እንዳልነበረም ታውቃለች።

«እንግዲያው ሌላ ምክር የለኝም» አሏት። «ጨርሺው። ሊቃጠልም ከሆነ የተጨረሰ ነገር ይቃጠል።»

ጨረሰችው። ልጁን በገና ዋዜማ አመጣችው፤ መምህሩም ምንም ይበሉ። ለእነዚያ ሴቶች ከዚህ ያነሰ ነገር ልትሰጣቸው አልቻለችም።

ረቡዕ ደረሰ። አቶ ኤርጊቾ በር አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድ በዚያ ጉባኤ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እልፍነሽ ቆመች፤ ማስረዳት አላማራትም። ትርፊት የምትባል ሴት ሞርሲቶ እንደሌለች፣ ሌላም ቦታ እንደሌለች፣ ልጇም ጣባዋም የእሷ ፈጠራ እንደሆኑ በአጭሩ ነገረቻቸው። ይቅርታም ጠየቀች።

ቀድማ የተናገረችው ማር ያመጣችው ሴት ናት፤ ቅሏ እንዲመለስላት ጠየቀች። ሌላዋ ጸሎታችን የት ደረሰ ታዲያ አለች፤ በዚህ ላይ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ኤርጊቾ ወደ እልፍነሽ እጅ፣ ወደ ሉኩ አዩ። እልፍነሽ ሉኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። ያ ወረቀት ከሄደ ከእሷም ብዙ ነገር አብሮ እንደሚሄድ ገብቷታል።

ከኋላ ወንበር እትዬ ብርቅዬ ተነሡ። ከባልቴቶቹ ሁሉ ዝምተኛዋ ናቸው። ትልቁን ቅቤ ያመጡት፣ ቡሉኮውንም የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሞርሲቶ ነው» አሉ። «የሞርሲቶን መበለት ሁሉ አውቃለሁ። ትርፊት የምትባል እንደሌለች የዚያኑ ቀን አውቄያለሁ።»

አቶ ኤርጊቾ ታዲያ ለማን ብለው ቅቤ እንዳመጡ ጠየቁ።

እትዬ ብርቅዬ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ።

«የኔ ልጅ ከሄደ ስንት ክረምት አለፈ። ተጣልተን ስለሄደ አፍሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ ዘመድ ጋ ነው እያልሁ ኖርሁ። ለእኔም ማንም አልጸለየልኝም። ያን ቀን ግን ሁላችሁም ጸለያችሁ። ቅቤ ይዤ ብመጣ ምናለበት?»

ከዚያ ወደ እልፍነሽ ዞሩ። «አሁን ልጁ መጣ ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

የእልፍነሽ መልስ እጇ ውስጥ ነበር፤ በቁም ጽሕፈት፣ በገና ዋዜማ። ሉኩን ዘረጋችው። የእትዬ ብርቅዬን ፊት አየች። ያንን ፊት እያየች የጻፈችውን ማንበብ አልቻለችም።

«ገና አልመጣም፣ እትዬ» አለች። «እየጠበቅነው ነው።»

እትዬ ብርቅዬ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረችው፣ ማር ያመጣችው ሴት፣ ቅሏን ረስታ እጃቸውን ያዘች። አቶ ኤርጊቾ ዱካዋን ትተው ተነሡና ጸሎት እንዲደረግ አዘዙ። ስለ ሉኩ ምንም አላሉም፤ ከዚያም በኋላ አላሉም። ሲወጡ ብቻ ወደፊት ከማንበቧ በፊት ታሪክ መሆኑን አስቀድማ እንድትናገር ነገሯት።

የሚቀጥለው ረቡዕ ጉባኤው እትዬ ብርቅዬ ቤት ሆነ። እልፍነሽ ስትገባ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ከምሰሶው ሥር፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይቶ፣ ኮባ የተከደነበት ጣባ ተቀምጧል። አዲስ አልነበረም፤ ከንፈሩ በመታጠብ ብዛት አልቋል። እኔ ፈጠርኩት ብላ ነበር የተናገረችው።

ዛሬ መንፈሳዊ ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች እልፍነሽን ምክር ሲጠይቋት፣ የመምህር ተክለጊዮርጊስን ሁሉ ታወርሳቸዋለች፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ስብከቱን ተዉ፣ ስምና አገር ስጡ። ከታሪኩ ያወጣችውን የገና ዋዜማ ገጽ ግን ለማንም አታሳይም። ታሪኩ በኋላ ሲታተም መጨረሻው ላይ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ እትዬ ብርቅዬም በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ማንበብ የሚችል ሰው በመጣ ቁጥር ያንን ቦታ ብቻ እንዲያነብላቸው ይጠይቁ ነበር።