ለድራማ ሞት የመጣ መርዶ

ያምሮት ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ልክ «ገበያ እወርዳለሁ» እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ፣ «ዛሬ ማታ እሞታለሁ» አለች።

ታናሽ እህቷ ወይኒቱ ቡሬ ባለው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጣ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው አንች?»

«ድራማው ላይ ነዋ! የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ፈረሷ አዳልጧት ገደል እገባለሁ። ለማንም እንዳንናገር አስፈርመውን ነው ዝም ያልኩት። እማዬ ድንገት እንዳታየው አስቀድመሽ ንገሪያት፣ እሺ? አሁን ለምርቃቱ ወደ አዳራሽ እየገባን ነው፤ ስልካችንን በር ላይ ይሰበስቡታል። በይ ቻው!»

ቻው! ሰው ፍም አስታቅፎ ቻው ይላል? ወይኒቱ መልሳ ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል።

ለሌላ እናት ቢሆን ቀላል ነበር። «እማዬ፣ ለይምሰል ነው የምትሞተው» ይባላል፣ ይሳቃል፣ አለቀ። የእነሱ እናት ፋናዬ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁን ልጇን ምናለን ቀብራለች። ምናለ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ «ትንሽ ታሞ ነው» እያለ ሲያባብላት ዋለና በማግሥቱ ማለዳ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ባምላኩ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህ ልቧ ይመታባታል። ቤቱ ውስጥም «ሞተ» የሚባል ቃል የለም። የስልክ ባትሪ እንኳ አይሞትም፤ «ደከመው» ነው የሚባለው። አንድ ቀን ወይኒቱ ረስታ «በሳቅ ሞትኩ» ብትል እናቷ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ለቀቀችው።

የዛሬው ደግሞ ተራ ድራማ አይደለም። በየወሩ በሚከፈልበት ቻናል የሚመጣ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲተዋወቅ የከረመ፣ ስሙ «ሰባተኛው አዝመራ» የተባለ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያምሮት ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ነፋስ ሲያበጥረው ትታያለች። ፋናዬ ያችን ፈረስ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያልነገረችው ሰው የለም። «ፈረሷ ላይ ያለችው የኔዋ ናት» ትላለች። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው በርበሬውን ረስቶ የፈረሷን ወሬ ይዞ ይሄዳል።

ሰፈሩ ውስጥ ዲኮደር ያለው እትዬ ሠርክአዲስ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያ ሊያይ ተቀጣጥሯል። መቀመጫ ስለማይበቃ ፋናዬ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ለምና አስመጥታለች። ወንበሮቹ በሰው ትከሻ ሲያልፉ ያየ መንገደኛ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «ምነው፣ ማን አረፈ?» ይል ነበር። ወይኒቱ ጠዋት ይሄን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ስቃ ነበር። አሁን ግን አላሳቃትም።

ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ድፎ ዳቦውን ከኮባው እያላቀቀች፣ ያውም እያንጎራጎረች ነበር። ከምናለ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምታት አታውቅም።

«እማዬ…»

«ወዬ»

«ድራማ ላይ ሰው ሲጎዳ፣ የውነት አይደለም አይደል?»

እንጉርጉሮው ቆመ። የፋናዬ እጅ ወደ ደረቷ ሄደ። «ምን ልትይኝ ነው? ማን ተጎዳ?»

«ማንም! እንዲያው ነው። ዳቦው እንዴት ያምራል!»

ፈሪ፣ አለች ወይኒቱ ለራሷ ወደ ደጅ እየወጣች። ምላስሽ ለሰው ሁሉ ይደርሳል፤ ለእናትሽ ሲሆን አጠረ አይደል? «ምነው ዛሬ በጠፋልኝ» ብላ ቀና ብላ የመብራት ምሰሶውን አየች። ሌላ ቀን ሊጥ ሳይጋገር የሚጠፋው መብራት ዛሬ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። አንዲት አምፖል እንኳ ድርግም አላለችም።

ያኔ ነው ጋሼ ባምላኩ ትዝ ያሏት። ክፉ ወሬ መናገር የሚችል ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርዶ ያረዱት እሳቸው አይደሉ? እናቷም ቃላቸውን ታከብራለች። ሮጣ ደረሰችና ትንፋሿ ሳይመለስ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ጋሼ ባምላኩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ስለዚህ ልጅቱ ደኅና ናት።»

«ደኅና ናት ጋሼ! በቴሌቪዥን ብቻ ነው። እርስዎ ብቅ ብለው በሁለት ቃል ይንገሩልኝ፤ ‹ፋናዬ፣ ጨዋታ ነው፣ እንዳትደነግጭ› ማለት ነው።»

«ደግ አደረግሽ ወደኔ መምጣትሽ» አሉና ተነሥተው ጋቢያቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ። ከዚያ በጎረቤት አጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሁለት ሽማግሌዎች ጠሩ።

«ጋሼ፣ እነሱ ለምንድን ናቸው?»

«ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ደንቡ አይደለም።»

«ይሄ እኮ ፊልም ነው!»

«ፊልምም ቢሆን ሞት የሚነገረው በደንቡ ነው። ዘሎ ገብቶ ‹ሞተች› ይባላል? ከሩቅ ተነሥቶ፣ ሴትዮዋን አስቀምጦ፣ ቀስ እያሉ ነው። አንች ወደ ኋላ ሁኚ፤ ልጅ ከሽማግሌ አይቀድምም።»

ወይኒቱ ከኋላ ሆና ሦስቱን ጋቢ አየች። ይሄን ሰልፍ አይታዋለች። ከዚህ በፊት፣ በዚያው መንገድ፣ ወደዚያው በር። «ጋሼ ባምላኩ፣ ይቅር፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለች። አንዱ ሽማግሌ በምርኩዙ ወደ ኋላ መለሳት። ጋሼ ባምላኩ ጭራሽ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት!

ፋናዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዳቦውን በሰፌድ ታቅፋ ከበር ስትወጣ ተገናኙ።

ቆመች። ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰፌዱ ዘመም አለና ዳቦው መሬት ወርዶ ለሁለት ተገመሰ።

«ማንን?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ፋናዬ፣ እስቲ አረፍ በይ…»

«ማንን ነው ጋሼ? ሁለት ነው የቀሩኝ፤ አንዷ ከኋላዎ ቆማለች።»

«እንግዲህ ሰው ነን። ፈጣሪ ያመጣውን መቀበል ነው። ያምሮት… ገደል አፋፍ ላይ ፈረሷ አዳልጧት…»

«በቴሌቪዥን» የምትለዋን ቃል ለመጨረሻ አስቀምጠዋት ነበር። ደንቡ ነዋ፤ ዋናው ነገር መጨረሻ ነው የሚነገረው! ፋናዬ ግን መጨረሻውን አልጠበቀችም። ጩኸቷ እትዬ ሠርክአዲስ ቤት ደረሰ። ድራማ ሊያይ የተሰበሰበው ሰፈር እንዳለ ገንፍሎ ወጣ። ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ወንዱ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ማን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። የእድሩ ወንበርም በሰዓቱ ሰፈር ውስጥ ተገኘ።

«ድራማ ነው!» ጮኸች ወይኒቱ። «እማዬ፣ ድራማው ላይ ነው! ደኅና ናት!»

«በቴሌቪዥን ነው እኮ ፋናዬ! ልጨርሰው ነበር!» አሉ ጋሼ ባምላኩ፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

ፋናዬ የሁለቱንም ፊት አየች። ጩኸቷን አቁማ፣ ከጩኸቱ በሚብስ ዝግታ «ለምናለም ‹ትንሽ ታሞ ነው› ብላችሁኝ ነበር» አለች። «ጋሼ ባምላኩ ለጨዋታ ሽማግሌ ይዘው አይመጡም። አውቃለሁ። አትሸንግሉኝ። ደውሉላታ፤ ደውሉላታ እንግዲህ!»

ወይኒቱ ደወለች። ስልኩ ያው እንደተዘጋ ነው። ፋናዬ «ማግኘት አይችሉም» የሚለውን መልእክት ሰምታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መሬት ተቀመጠች፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ። ወይኒቱ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። እናቴን ገደልኳት፣ ያልሞተችውን ብዬ የቆመችውን ገደልኳት፣ አለች በልቧ። ፋናዬ ሰው ምሎ ቢነግራት አታምንም፤ ያመነችው አንድ ነገር ያችን ነጭ ፈረስ ነው።

«ተነሽ እማዬ። አብረን እናየዋለን።»

«ምን አልሽ?» አሉ አንዲት አልቃሽ። «ሐዘንተኛ ይዘሽ ቴሌቪዥን ቤት? ጉድ እኮ ነው!»

«ሐዘንተኛ አይደለችም! ዘወር በሉልኝ!» እናቷን በብብቷ ደግፋ አስነሣቻት። ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ ከዚያ ተከተለ። እያለቀሰም ቢሆን ድራማው እንዳያመልጠው አልፈለገም።

እትዬ ሠርክአዲስ ፋናዬን ስክሪኑ ሥር አስቀመጧትና ውኃ አጠጧት። «ድምፁን ጨምሪው ወይኒቱ» አሉ በሹክሹክታ፤ ለቅሶ ቤት ነው ድራማ ቤት ነው እሳቸውም አልገባቸውም።

ሙዚቃው ገባ። ተራራ ታየ፤ ከዚያ ያምሮት በፈረሷ። ሰዉ «ውይ!» አለ። ፋናዬ እጇን ዘርግታ የስክሪኑን መስታወት ነካች። «ይሄ ድሮ የተነሣ ነው» አለች። «ያኔ ነበረች።»

ወይኒቱ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

ድራማው ቀጠለ፣ ለቅሶው እየቀዘቀዘ ሄደ፣ አፍ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። መጀመሪያ የከፈተው እህል ነጋዴው አዛናው ነው። «ሰኔ ነው ብሎ አሁን አይደል የተናገረው? በሰኔ የደረሰ ጤፍ የት አገር ነው?»

«ዝም በል አዛናው፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው!»

«ሐዘኑንማ አልነካሁም፤ ጤፉን ነው። ደግሞ ገበሬው ሲናገር ስሚው፤ እንዲህ ምላሱን እየጠቀለለ ገበዝ ማርያም ገበያ ቢወጣ ሙክት በዶሮ ዋጋ ሸጦ ነው የሚመለስ!»

ሳቅ አፈትልኮ ወጣ። የሳቁት ወዲያው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ወይኒቱ አልሳቀችም፤ ዓይኗ እናቷ አንገት ላይ የምትመታው ሥር ላይ ነበር።

ገደሉ መጣ። ጭጋግ፣ ጠባብ መንገድ፣ የፈረስ ኮቴ። ጋሼ ባምላኩ ጋቢያቸውን በአፋቸው ነከሱ። ፈረሷ አዳለጣት፤ ነጭ ነገር ቁልቁል ሄደ። ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ያው ነው፤ ጋሼ ባምላኩ በር ላይ የጀመሩት ወሬ፣ ገደሉም ፈረሷም፣ አንድም ሳይጎድል። ፋናዬ ግን አልጮኸችም። በጉልበቷ እየዳኸች አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ቀረበች።

በስክሪኑ ውስጥ ሰዎች ያምሮትን በቃሬዛ ይዘው መጡ። እስከ ጉሮሮዋ ነጭ ሸማ አልብሰዋታል፤ ግንባሯ ላይ ደም አለ። ሙዚቃው ዋይ ዋይ ይላል። ካሜራው ፊቷ ላይ ቀርቦ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ያልተንሰቀሰቀ አልነበረም፤ አዛናው ሳይቀር ጤፉን ረስቶ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ዝም በሉ!» አለች ፋናዬ።

ሁሉም ወደሷ ዞረ።

«ሸማውን እዩት። እዚህ ጋ። እዩት እንጅ!» ጣቷን መስታወቱ ላይ ተከለች። «ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ትተነፍሳለች! ልጄ ትተነፍሳለች!»

ወይኒቱ ተንበርክካ አየች። እውነትም፣ የሸማው ጫፍ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ እየተደበቀ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ሁሉ ካሜራና ያን ሁሉ መብራት ደቅነው፣ የእናት ዓይን እንዲህ ቀርቦ ያያል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ሲገንዟት እየተነፈሰች ነው!» ፋናዬ ወደ ሰዉ ዞረች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። «ጋሼ ባምላኩ፣ የመጡልኝ ለዚች ነው? ለዚች ለምትተነፍሰዋ?»

«እሱን እኮ ነው ልጨርስልሽ ያልኩ» አሉ ጋሼ ባምላኩ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ሴቱ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። «በቃ አየነው፣ ከእንግዲህ ሁለተኛውን ክፍል ማን በቁም ነገር ያየዋል!» አለ አዛናው። እትዬ ሠርክአዲስ በትራስ መቱት።

ስልኩ የጠራው የተዋናዮቹ ስም ሽቅብ እየሄደ ሳለ ነው። ወይኒቱ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። ከወዲያ ጫጫታና ጭብጨባ ይሰማል።

«ወይኒዬ! አሁን ስልኬን መለሱልኝ! እንዴት ነበርኩ? ሰዉ ምን አለ? አለቀሱ? ንገሪኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው!»

ወይኒቱ አፏን ስትከፍት ፋናዬ ስልኩን ቀማቻት። በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ያምሮት።»

«እማዬ! ነገረችሽ አይደል? አልደነገጥሽም?»

«ዝም በይና ተንፍሽ።»

«ምን?»

«ተንፍሽ እስቲ፤ ልስማው።»

ቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በስልኩ ውስጥ ጭብጨባው ራቀ፤ ያምሮት ወደ ጥግ የሄደች ይመስላል። ከዚያ ግራ እንደተጋባች፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ድገሚው» አለች ፋናዬ ዓይኗን ጨፍና።