ኪኒኑና የጨው ሻዩ

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡድኒ ዓመት ሙሉ ስታስተምር የኖረችውን ነገር በገዛ አፏ አፈረሰችው።

የሻይ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን አውርደው ከጥላው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። የባንግላዴሿ ሲሌት ዝናብ ገና ማቆሙ ነው። ምሳቸው የሁልጊዜው ነበር፤ ቂጣ፣ ከድንችና ከቃሪያ ጋር በእጅ የታሸ ጥሬ የሻይ ቅጠል፣ ማወራረጃው ደግሞ በጨው የፈላ ሻይ። ቡድኒ ከእነሱው ሰፈር የወጣች ናት። አንድ የከተማ ድርጅት የአመጋገብ አስተማሪ እንድትሆን ሲመርጣት የለቀማ ቦታዋን ለታናሽ እህቷ ለሱኩርሞኒ ለቀቀችላት። ከዚያ ወዲህ የእንቁላል፣ የምስርና የጎመን ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ይዛ በምሳ ሰዓት ትመጣለች። ለነፍሰ ጡሮችም ደም የሚሞላ ኪኒን ታድላለች። «እንዳትረሱት ከምሳ ጋር ዋጡት» ትላቸው ነበር። እነሱም ከምሳ ጋር፣ በሻይ ሲውጡት ከረሙ።

«ስሙኝማ» አለች ቆማ። «ትናንት ስልጠና ላይ ነው የነገሩን። ኪኒኑ በሻይ አይዋጥም። ሻይ አቅሙን ይበላዋል። እኔም ሳላውቅ አሳስቻችኋለሁ።»

ዱላሪ የምትባለው አሮጊት ቂጣዋን እንደያዘች ሳቀች። «ወይ ጉድ! ሻይ ከውጭ ሲበላን ኖሮ አሁን ደሞ ሆዳችን ገባ በይኛ! ታዲያ በምን እንዋጠው እቴ? በካቦው ምራቅ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«በውኃ ነዋ» አለች ቡድኒ።

«በየትኛው ውኃ?»

ወደ ማሳው የሚመጣው ውኃ ከቦይ የተቀዳ ነው። ባለፈው ዓመት ግማሹን ሰፈር በተቅማጥ ያጋደመው እሱ ነው። ሴቶቹ ሻይ የሚጠጡት ወደው ሳይሆን የፈላ ስለሆነ ነበር።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሱኩርሞኒ ግንዱን ተደግፋ ነበር። «ውኃው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሻዩ ኪኒኔን ይበላብኛል» አለች። «እስቲ አስተማሪዬ፣ አንዱን ምረጪልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ቡድኒ ግን የእህቷን ከንፈር እያየች ነበር። አመድ መስሏል።

ሐሙስ ዕለት ወደ እርሻው ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ የዓይኗን ሥር ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ይቺ ሴት በእግሯ መምጣቷም ይገርማል» አለ። «ትተኛ። እስክትወልድ ቅርጫት የሚባል ነገር እንዳታነሳ።»

እንዴት ብላ ትተኛ? ቤቱ የእርሻው ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቅጠል እስከለቀመ ድረስ ብቻ ይኖሩበታል። እናታቸው እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ የሱኩርሞኒ ባል ጡብ ሊያቃጥል እንደሄደ ድምፁ ጠፍቷል። ሱኩርሞኒ ደግሞ ገና ቋሚ ስላልሆነች የወሊድ ፈቃድ አይገባትም።

ቡድኒ የለቃሚዎችን ስም የሚመዘግቡት የእርሻው ጸሐፊ ዘንድ ሄደች።

«ባቡ ጌታዬ፣ እስክትወልድ በእሷ ፈንታ እኔ ልልቀም። እጄ እንደሆነ ሥራውን አልረሳም።»

«አንቺማ አሁን የተከበርሽ አስተማሪ ሆነሻል» አሉ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይሉ። «ቅጠል በሚደርስበት ወቅት ስም አይቀየርም። ወቅቱ ይለፍና ነይ።»

«ወቅቱ ሲያልፍማ ወልዳለች።»

«ታዲያ ምን ያስቸግርሻል? ያኔ ችግሩም የለም ማለት ነው።»

ቡድኒ አመስግና ወጣች። ለምን እንዳመሰገነች ራሷም አልገባትም።

ሱኩርሞኒ ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ማሳው ተመለሰች፤ ቡድኒም የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ጎህ ሳይቀድ ውኃ አፍልታ በጠርሙስ ትሞላላት፣ የዳክዬ እንቁላል ባገኘችም ጊዜ ቀቅላ ትሰጣት ጀመር። ሱኩርሞኒ ግን እንቁላሉን ለሁለት ትከፍልና እኩሌታውን ለእናታቸው ትደብቃለች።

«ዓይኔ እያየ ዋጪው!»

«እትዬ ትሙት፣ ካርድሽ ላይ ሳየው እኮ ትልቅ ነበር» ትላታለች አፏ እንደሞላ።

አንድ ቀን ቡድኒ በቁጥቋጦው መካከል ሾልካ በእህቷ ቅርጫት ውስጥ ቅጠል እየለቀመች ስትጨምር ካቦው አያት።

«አስተማሪዋ! አንቺ ካርድሽን ልቀሚ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ ሰዓት ውጭ ማሳው ውስጥ እንዳትገባ ተከለከለች። መንገዱ ዳር ቆማ በአረንጓዴው ቁጥቋጦ መካከል የእህቷን ቀይ የራስ ጨርቅ ትፈልጋለች። ጨርቁ ጎንበስ ብሎ ሲቆይ ትንፋሿ ይቆማል፤ ብቅ ሲል ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ የእንቁላሉን ካርድ ከፍ አድርጋ፣ «እርጉዝ ሴት ማረፍ አለባት» ትላለች። ሴቶቹ አቀርቅረው ቂጣቸውን ይቆርሳሉ። ዱላሪም መቀለዱን ትታ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀዩ ጨርቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሴቶቹ ተጯጯሁ። የቅጠል ትራክተሩ ጭነቱን ፋብሪካ አራግፎ እስኪመለስ ተጠበቀ፤ ሴት ልጅ እዚያው ማሳው ውስጥ፣ በዱላሪ እጅ ላይ ተወለደች። ሕፃኗ አለቀሰች። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ።

ትራክተሩ ላይ ራሷን ቡድኒ ጭን ላይ አድርጋ፣ «ጠማኝ» አለች ሱኩርሞኒ። ቡድኒ የፈላውን ውኃ ስታቀርብላት ፊቷን አዞረች። «ሻይ ስጪኝ። ጨው ያለበትን።»

ዱላሪ ጎድጓዳ ሳህኗን አቀበለቻት። ቡድኒ አጠጣቻት። ክሊኒኩ በር ሲደርሱ የሱኩርሞኒ እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

በሳምንቱ ጸሐፊው ቡድኒን አስጠርተው ስሟን በእህቷ ቦታ ጻፉት። ቤቱም አልተወሰደም። ለምግብ ትምህርቱ ከከተማ ሌላ ሴት ተላከች፤ ሁለት ጊዜ መጥታ ቀረች።