ናቹራል ግቢ

ሰቆጣ ውስጥ ጌታሰውን ሁሉም «ኢንጂነር» ይለዋል። የሚነዳው ግን ባጃጅ ነው፤ ባጃጁም የባለሱቁ የሐጂ ዓብዱልቃድር እንጂ የእሱ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ ሲመረቅ ሰፈሩ በእልልታ ነበር የተቀበለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጦርነቱ ሄደ፣ እሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ቀረ። ዲግሪው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

አብሮ አደጉ ወንዳወቅ ቋንቋ በማጥናቱ «ተረት ሊማር ሄደ» ተብሎ ተስቆበት ነበር። ዛሬ እርዳታ ድርጅት ገብቶ የገጠሩን ሰው ኽምጥኛ ለእንግዶች ይተረጉማል። ጌታሰው በባጃጁ ቢሮው ድረስ ሲያደርሰው ወንዳወቅ የብሩን መልስ አይቀበልም፤ «ተወው ባክህ» ይለዋል። ጌታሰውን አንጀቱን የሚያሳርረው ይኼ ደግነት ነው።

የጌታሰው አባት መሪጌታ ገብረ አምላክ የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ ለየዕለቱ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ አዲስ ነው የሚደረሰው፤ የትናንቱን ወይም የሰውን ይዞ የመጣ ተማሪ ጉባኤ ፊት ያፍራል። ታናሽ እህቱ ባንቺ ከተማሪዎቹ ጋር ባትቀመጥም ከግድግዳው ወዲያ ሆና ትሰማለች። ተማሪው የቅኔው ቤት ሲጎድልበት እሷ በሹክሹክታ ትሞላለች። መሪጌታ ይሰማሉ፣ እንዳልሰሙ ይሆናሉ፣ ደስ ይላቸዋል።

ዘንድሮ ባንቺ አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ ናቹራል ወይ ሶሻል ብላ መመዝገብ አለባት፤ አንዴ ከተገባ መመለስ የለም። ልቧ ሶሻል ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ተቀመጡ።

«የዘመኑን ትምህርት አንተ ነህ የምታውቀው» አሉ መሪጌታ። «አንተ ያልከውን ታድርግ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባ?»

«እኔማ የሰው ልጅ ሁሉ ሲሄድ አይቼ አንተን ናቹራል ግባ አልኩህ። የሆነውን አየሁት። ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም።»

ባንቺ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጌቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቋንቋ ባጠና እራባለሁ?»

መልሱን ያውቀዋል። ከእሱ የባሰ እንደማትራብ ያውቃል፤ ልጅቷ ለምን እንደተፈጠረችም ያውቃል። «ልብሽ ያለውን አድርጊ» ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ ባንቺ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ከባጃጁ ስትወርድ «ተወው ጌቴ» ስትለው ታየችው። እሷ በዚህችው ከተማ ልቧን ተከትላ ከተሳካላትማ ሕይወቱን የበላው ጦርነቱም ዕድሉም አይደለም ማለት ነው። የሚያሳብብበት ያጣል። አልቻለም።

«ናቹራል ግቢ» አላት። «ሶሻል ሥራ የለውም።»

«ወንዳወቅስ?»

«ወንዳወቅ ዕድለኛ ነው። በዕድል ተማምነሽ ትገቢያለሽ?»

ባንቺ አቀረቀረች። ጌታሰው ከተወለደች ዋሽቷት አያውቅም። «አንተ ካልክ» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«ተመስገን» አሉ መሪጌታ፣ «የሚያውቅ ሰው መከራት።»

በማግሥቱ ራሱ በባጃጁ ወሰዳት፣ ደጁ ላይም ጠበቃት። ተመዝግባ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እሱን ደስ ለማሰኘት ፈገግ አለች።

«በፊዚክስ ደካማ ነኝ። ታስጠናኛለህ አይደል?»

«አስጠናሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌቴ። አንተ ባትኖር ተሳስቼ ነበር።»

ሞተሩን አስነሳ። ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ አስፈራው፤ ግን ደስ አለው።