የትሎቹ አደራ

መዝገብ ቤት ሠራተኛው በሕይወቱ እጁን ያላስገባበት ሥራ ቢኖር ትል ማርባት ነበር። የእጮኛው እናት ግን ለጌጥ ዓሣ ቀለብ የሚሆኑ ቀጫጭን የወንዝ ትሎችን በጓሮ ገንዳ እያረቡ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ምርቃታቸውንም እንዲሁ በዋዛ የሚሰጡ አልነበሩም። አንድ ቀን ትሉን የሚገዛቸው ዓሣ ሻጭ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ትሪ ትል በአደራ ሰጡት።

«ከገንዳ ወጥተዋል፤ እንዳይደርቁብኝ። ትሌን ያቆየ ልጄንም ያቆያል። ከደረቁብህ ግን መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አሉትና ገበያ ወጡ።

ትሎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ እንደ ተወሳሰበ ክር ድቡልቡል ብለዋል። የመዝገብ ሰው ዝርክርክ ነገር አይወድም። ደግሞም አሳዘኑት፤ መተንፈሻ ያጡ መሰለው። ስለዚህ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የአንደኛውን ትሪ ትሎች በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ እየለየ በመስመር ደረደራቸው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው የቀረው።

ብዙም ሳይቆይ የተደረደሩት ቀጥነው ከትሪው ጋር መጣበቅ ጀመሩ። ሰውየው ክው አለ። ያልነካውን ክምር በጣቱ ገለጥ ቢያደርገው ውስጡ እርጥብ ነው፤ ከላይ ያሉት የታችኞቹን ሸፍነው ውኃቸውን አስቀርተውላቸዋል። የደረደራቸውን ቶሎ ብሎ በውኃ አራሰና ከክምሩ ጋር ቀላቀላቸው። ጥቂቶቹ አልተነሡም፤ የቀሩት ግን እየተጠማዘዙ ወደ መሃል ገቡ።

እናትየው ሲመለሱ የሞቱትን ጥሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። አንጀቱ እምቢ አለው።

«እማማ፣ በመስመር ደርድሬ ጥቂቶቹን ገደልኩብዎት።»

«በመስመር?» ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አይ የመዝገብ ቤት ነገር። እነዚህ እኮ አንዱ ላንዱ ልብሱ ነው። ብቻውን የቀረ ወዲያው ነው የሚደርቀው።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። ወደ ልጃቸው ክፍል አዩና፣ «እንኳን አልዋሸኸኝ። ልጄን ውሰዳት፤ መርቄሃለሁ» አሉት።

ለዚህች ቃል ስንት ወር ደጅ ጠንቷል። አሁን ግን እሱም ወደዚያው ክፍል አየ። ሴትዮዋ በዚህ ቤት ከልጃቸው በቀር ማንም የላቸውም፤ ይህን ደግሞ እስከ ዛሬ አስቦት አያውቅም።

«እማማ፣ የተከራየነው ቤት ሁለት መኝታ አለው። አብረውን ይግቡ።»

«ገንዳዬን ጥዬ?» አሉ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ኪራዩን ተዉትና እናንተ እዚህ ግቡ።»

ሙሽሪትን እንኳ ሳያማክር እሺ አላቸው።