አራተኛው መቺ

ያፌት ከሞተ በኋላም የእሁድ ጨዋታ ላይ አራተኛ ሆኖ ይጠራ ነበር። በቤዝቦል አራተኛ ተራ የኃይለኛ መቺ ቦታ ነው። በሕይወት ሳለም ቦታው የእሱ ነበር።

ይህ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ሰመር ነው። የሰፈራችን የሪጀንት ፓርክ ልጆች ቡድን ነበራቸው፤ አብዛኞቹ እዚሁ ባሕር ማዶ የተወለዱ የእኛው ሰዎች ልጆች። እኛ ሽማግሌዎቹ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እናያለን። ያፌት የብርሃነሽ አንድ ልጇ ነው። በክረምቱ በረዶ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በግንቦት ጨዋታ ሲጀመር አሰልጣኙ ጸጋአብ የያፌትን ስም ከነተራው ለዳኛው ሰጠ።

በልጆቹ ሊግ ዳኛው የመቺውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የተጠራው ካልቀረበ አውት ይባላል። ሦስት አውት የሆነበት ቡድን ተራውን ለባላጋራው ይለቃል። በመጀመሪያው እሁድ ዳኛው ያፌት ብሎ ጠራና ኮፍያውን አወለቀ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ባዶውን ቦታ አየ። ከዚያ ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ አውት አለ። ያን ቀን ብዙዎች አለቀሱ። ለአንድ ቀን ብቻ መስሎን ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ ለመነሣት የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ስሙ ግን ይጠራል፤ በአንድ ጨዋታ ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ። በተጠራ ቁጥር ልጆቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ከዚያ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ልጆች ጋር ተጫወቱ። በአንድ ነጥብ እየተመሩ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ። ሁለት አውት ሆኗል። የእኛ ልጅ ሦስተኛው ቤዝ፣ የመጨረሻው ማረፊያ ላይ ቆሟል፤ አንድ ሰው በደንብ ቢመታለት ሮጦ ገብቶ ነጥቡን እኩል ያደርጋል። ዳኛው የሚቀጥለውን ጠራ። ያፌት ነበር። ማንም አልመጣም። ጨዋታው አለቀ፤ ያ ልጅ ለመሮጥ እንዳጎነበሰ ቀረ።

ሰው ሲበተን እኛ ሦስታችን አልተነሣንም። ባህሩ ዕድሜውን ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ ሲናገር አሁንም ከኋላ ወንበር ላለ ተሳፋሪ የሚያወራ ይመስላል። አሰልጣኙ ከሕያዋን ጎድሎበት ከሙታን እየሞላ ነው የሚያሰልፈው አለ። ሀብተማርያም ትልቁ የቤዝቦል ስታዲየም አጠገብ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ጨዋታውን በሬዲዮ የተማረ ነው። እሱ ስሙን ከነጭራሹ ማውጣት ነውር ነው፣ መጨረሻ ላይ ይደረግ፣ እዚያ ተራው ቶሎ አይደርስም አለ።

«የሞተን ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ጠጋ በል ትለዋለህ?» አለው ባህሩ።

«አንተ ታክሲህ ውስጥ በሕይወት ያለውንም ትለው ነበር» አለው ሀብተማርያም።

ባህሩ ሳቀ። ቀጥሎ ያፌት በሕይወት እያለም ነሐሴ ላይ ኳስ ይስት እንደነበር ማስታወስ ጀመረ፤ ሀብተማርያም ክርኑን ነካው። ብርሃነሽ ከአጥሩ ጋ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ተቀምጣለች። ጨዋታውን አታውቀውም። አውት ምን እንደሆነ ማንም ነግሯት አያውቅም። የምትመጣው ስሙን ለመስማት ነው።

በመጨረሻ ለሽምግልና እንሂድ ተባባልን። ባህሩ ጃኬቱን ቆለፈ። ለጋብቻ ወይም ለጠብ እንደሚኬደው ሦስት ሆነን ሄድን። ጸጋአብ ዱላዎቹን መኪናው ላይ እየጫነ ነበር። ከልጅነቱ የያፌት ጓደኛ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ልጆቹ እዚያ ተራ ላይ መግባት እንደማይፈልጉ ነገረን፤ ዊርድ ነው፣ ደስ አይልም ይላሉ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ላይንአፑን፣ ተራውን፣ ቼንጅ ማድረግ እችላለሁ አባባ። እሷን ግን ማን ይነግራታል?»

እኛ እንነግራታለን አልን። ሁለቱ ወዲያው አዩኝ። በዕድሜ ታላቃቸው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ። ነገሩን ከሜዳው ጀመርኩና የልጆቹን ድካም አነሣሁ። እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ ገብረክርስቶስ፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል እያሉ ነው የሚያስቡት። እሱም ስሙ ነው። እኔ ግን ያወጣሁለት ያፌት ብዬ ነው። አሁን ያፌት የሚለው ያ ዳኛ ብቻ ነው።»

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

እሁድ ጸጋአብ ሄደው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሄጄ ነበር አልኩት። እንደነገርኳት ቆጥሮ የስም ወረቀቱን ለዳኛው ወሰደ።

ከሦስተኛው መቺ ቀጥሎ፣ በያፌት ቦታ፣ ዳኛው ከልጆቹ አንዱን ሃብታሙ ብሎ ጠራ። ሃብታሙ ዱላውን ይዞ መጣ፤ ግን መቆሚያው መካከል አልገባም። ቦታው የተያዘ ይመስል ጠርዙ ላይ ተጠግቶ ቆመ። እንዲያም ሆኖ መታው። ኳሱ ከአጥሩ ወዲያ ሄደ። ባህሩ ሊያጨበጭብ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። እኔ ብርሃነሽን ነበር የማየው። ዳኛው አፉን በከፈተ ቁጥር ወደ ፊት ዘንበል ትላለች። ሌላ ስም ሲሆን ትመለሳለች። እስከ መጨረሻው እንደዚህ አደረገች።

አሸነፍን። ልጆቹ ብዙም አልጨፈሩም። ብርሃነሽ ወደ እኛ መጣች።

«ዛሬ ተራው አልደረሰውም?»

ባህሩ ጫማውን ያያል። ሀብተማርያም መነጽሩን ይጠርጋል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«አልደረሰውም» አልኳት።

 ተራ ለእሷ የማኅበር ተራ ነው፤ በዚህ ወር ያልደረሰው በሚቀጥለው ይቀበላል፣ ማንም አይዘለውም።

«እንግዲያው ለሚመጣው እሁድ ከእሱ ይጀምራሉ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ብርድ ልብሷን አጥፋ ወደ ጄራርድ መንገድ ወጣች።

ጸጋአብ መኪናው ውስጥ ነበር። አለመንገሬንም፣ ያለችውንም ነገርኩት። ያለ እሱ እኮ አሸነፍን አለኝ። አዎ አልኩት። መኪናውን አስነሣ። ምን እንደወሰነ አልነገረኝም።

በሚቀጥለው እሁድ ብርሃነሽ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ከአጥሩ ጋ አልተቀመጠችም፤ ከመቺው መቆሚያ በስተጀርባ፣ መረቡ ሥር ነበር የተቀመጠችው። ዳኛው ከጸጋአብ የተቀበለውን ወረቀት አየ። ጸጋአብንም አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን መቺ ጠራ።

«ያፌት።»

ብርሃነሽ ተነሥታ ቆመች።

የባላጋራው ወርዋሪ አዲስ ልጅ ነበር፤ ማንም ምንም አልነገረውም። ግራ ገብቶት ዳኛውን ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። ባዶውን ቦታ አየ፣ እግሩን አነሣ፣ ወረወረ። ኳሱ መሐል ለመሐል አልፎ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ገባ። ዳኛው አውት ማለት ነበረበት። አላለም። አንድ ጣቱን አነሣ፤ ኳስ ቆሞ ያሳለፈ መቺ ላይ አንድ ስህተት ተብሎ እንደሚቆጠረው፤ አውት የሚሆነው ሦስት ሲሞላ ነው።

ባህሩ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ለማን ነው የሚወረውረው አለኝ። 

ወርዋሪው ኳሱን ተቀበለ። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ሁለተኛውን ከመቆሚያው ራቅ አድርጎ ወረወረው፤ የሚፈሩት መቺ ፊት ለፊት ሲቆም፣ እንዳይመታው እንደሚወረወረው።